የዮጋ አተነፋፈስ በደጋ አየር፦ በሰሜን ሸዋ ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ የጥንቃቄ መመሪያ

ፕራናያማ በሚል ስም የሚታወቀው የዮጋ የአተነፋፈስ ልምምድ በህንድ አገር ለብዙ ዘመናት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃልና በተግባር ሲተላለፍ የኖረ ትምህርት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ በሚታዩ ቪዲዮዎች አማካይነት ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቪዲዮው የመምህሩን ዓይን ይዞ አይመጣም። መምህር አጠገብ ሲኖር የተማሪውን ፊት፣ ትከሻና የትንፋሽ ድምፅ እየተከታተለ «እዚህ ላይ ይብቃ» ይላል። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ግን ይህን የሚነግረው ስለሌለ መለኪያውን ከራሱ ሰውነት መውሰድ ይኖርበታል።

መለኪያው ምቾት ነው። ትንፋሽ ያለ ትግል ሲገባና ያለ ጥድፊያ ሲወጣ ልምምዱ በልኩ እየሄደ ነው፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ሲነሣ፣ መንጋጋ ሲጠብቅ፣ ፊት ሲግል፣ ወይም አንዱ ዙር እንዳለቀ አየር በአፍ መጎንጨት ሲያሰኝ ከልክ ታልፏል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ጭንቀቱን የብርታት ምልክት አድርገው ስለሚወስዱት ችለው ሊያልፉት ይሞክራሉ። በሌላ የአካል እንቅስቃሴ ላይ ይህ አስተሳሰብ የሚሠራበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ በትንፋሽ ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ትንፋሽ አጠረኝ የሚለው ስሜት በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መጨመሩን ሰውነት የሚያስታውቅበት ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህንን ማስጠንቀቂያ በማክበር ላይ የቆመ ነው።

ከፍታውና ብርዱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ስፍራ 21 በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነት ይህንን ለምዶታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌትና ሄሞግሎቢን የሚባለው የኦክስጅን ተሸካሚ መጠን በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ነገር ግን ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ ይዞ ለመቆየት ፈቃድ አይሰጥም። ትንፋሽ ሲያዝ ሰውነት የሚጠቀመው አስቀድሞ በሳንባና በደም ውስጥ የገባውን ኦክስጅን ሲሆን፣ በከፍታ ላይ በሳንባ ውስጥ የሚጠራቀመው ከመነሻው ያነሰ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተማ በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ «እስከ 60 እየቆጠራችሁ ያዙ» ሲባል ጣርማ በር ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ሊወስደው አይገባም።

ከቆላ ወደ ደጋ የሚመጣ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን የሚገባ መንገደኛ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ራስ ምታት፣ ድካም ወይም እንቅልፍ ማጣት ቢሰማው የሚያስደንቅ አይደለም፤ እስኪለምደውም ድረስ በተፈጥሯዊው አተነፋፈስ ብቻ ቢወሰን ይሻለዋል።

ስለ ብርዱም የሚባል አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ንጋት ላይ ውርጭ በሚጥልበት አገር ንጹሕ አየር ፍለጋ ደጅ ወጥቶ በጥልቀት መተንፈስ መልካም ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በብዛትና በፍጥነት ሲገባ የአየር ቧንቧን ያደርቃል፤ አስም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ቧንቧው እንዲጠብና ትንፋሽ እንዲቆራረጥ ሊያደርግ ይችላል። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውንም ያጣራል፤ በዚህ መመሪያ የተጠቀሱት ልምምዶች በአፍንጫ የሚከናወኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደጅ መለማመድ የሚወድ ሰው ፀሐይ ወጥታ ውርጩ እስኪቀልጥ ድረስ፣ ማለትም ቢያንስ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቢቆይ መልካም ነው። በማለዳ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቦ ይለማመድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብስና ስንዴ በሚወቃበት ሰሞን ደግሞ እብቁና ገለባው አየሩን ስለሚሞላው፣ ከአውድማ አጠገብ ያለ ቤት ልምምዱን ነፋስ በሌለበት ሰዓት ማድረግ ይኖርበታል።

ከሰል በነደደበት ክፍል ፈጽሞ አይለማመዱ

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው በአካባቢያችን ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ይህ ነው ብዬ ስለማምን ነው። በብርድ አገር ማንደጃውን ወደ ክፍል አስገብቶ በሩን ዘግቶ መሞቅ የቆየ ልማድ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ጋዙ የያዘው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ስለማይሸከም ሰውነት አየር እየሳበ ሳለ ይታፈናል።

የአተነፋፈስ ልምምድ የሚያደርግ ሰው ጸጥታ ፈልጎ በሩን ይዘጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ እነዚህ ሁሉ ለልምምዱ የሚስማሙ ሲሆኑ ከሰል ባለበት ክፍል ግን አደጋውን ያባብሳሉ። የመመረዙ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የሰውነት መዛል ናቸው። አዲስ ተለማማጅ እነዚህን «ትንፋሹ እየሠራልኝ ነው» ወይም «ሰውነቴ ዘና እያለ ነው» ብሎ ሊተረጉማቸው ይችላል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውንም የመረጋጋት ምልክት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልፏል ማለትም አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍም ጋዙን መልቀቁን ይቀጥላል።

ስለዚህ ማንደጃው ከክፍሉ ይውጣ፤ በርና መስኮት ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ያህል ተከፍተው አየሩ ይለወጥ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ በጥቂቱ ክፍት እንደሆነ ልብስ ደርበው ይቀመጡ። በኩበት ወይም በባሕር ዛፍ እንጨት የሚነድ ምድጃ ካለበት ማድ ቤት አጠገብ መለማመድም ተገቢ አይደለም። ቡና ተፈልቶ እጣን ከታጠነ በኋላም ጭሱ ጠርቶ እስኪያልቅ ይታገሡ። በልምምድ ላይ ሳሉ ድንገት ራስዎን ቢያምዎ ምክንያቱን ለመመርመር ሳይቆዩ ወዲያውኑ ወደ ደጅ ይውጡ፣ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያስወጡ፣ ሕመሙ ካልተወዎትም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከመጀመር በፊት ሐኪም ማማከር ያለባቸው

ሳይገደድ በሆድ የሚደረግ ቀስ ያለ አተነፋፈስ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚስማማ ነው። ትንፋሽን መያዝና በኃይል ማስወጣት ግን በደረት፣ በሆድና በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንም ያዋዥቃል። በዚህ ምክንያት የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም የሬቲና (የዓይን የውስጥ ክፍል) ችግር ያለበት፣ ቡአ ያለበት፣ በቅርቡ የሆድ ወይም የደረት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከቀላሉ አተነፋፈስ አልፎ መሄድ የለበትም። ነፍሰ ጡር እናቶች ትንፋሽ መያዝንና በኃይል ማስወጣትን ሙሉ በሙሉ ይተዉ፤ ረጋ ያለው አተነፋፈስም ቢሆን በእርግዝና ክትትል ላይ ለሚያዩአቸው የጤና ባለሙያ ቢነገር መልካም ነው።

አስም ያለበት ሰው መንፊያውን ከእጁ ሳያርቅ ይለማመድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ልምምዱ ይተካልኛል ብሎ ከቶ አያቋርጥ። የሳንባ ነቀርሳ ታምሞ የዳነ ሰው በሳንባው ላይ ጠባሳ ሊኖር ስለሚችል፣ በሕክምና ላይ ያለውም ገና ስላልጨረሰ፣ ሁለቱም አስቀድመው ይመርመሩ። ጉንፋን ይዞዎት አፍንጫዎ በተዘጋበት ሰሞን ልምምዱን ማቋረጥ ምንም አያጎድልብዎትም።

ድንገተኛ የፍርሃት ስሜት የሚያጠቃው ሰው ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ትንፋሽን ማዳመጥ ራሱ ፍርሃቱን ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን፣ እግሩ መሬት መንካቱን እያስተዋለ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሳለ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ብቻ ቢጀምር ይሻላል።

ዝግጅት

ከበድ ያለ ምግብ ከበሉ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ፤ የሞላ ሆድ ድያፍራም የሚባለው ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። በጾም ቀን ከምግብ በፊት መለማመድ ለቀላሉ አተነፋፈስ ምቹ ነው፤ ሆኖም ረኃብ ወይም የውኃ ጥም አዙሮዎት ከሆነ ይተዉት፤ ከስግደት በኋላም ልብዎ እስኪረጋ ይረፉ። የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒት ወስደው ሳይበሉ አይለማመዱ። ጠላ ወይም አረቄ ከተጠጣ በኋላ ልምምድ የለም።

መቀነትዎን ያላሉ። ትንሽ ነገር ቢመስልም ወገብን ጠበቅ አድርጎ ማሰር በለመደ ሰው ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ሆድ ወደ ፊት የሚወጣበት ቦታ ሲያጣ ትንፋሹ ወደ ደረትና ወደ ትከሻ ይሸሻል። ወለሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ አጎዛ ወይም የታጠፈ ባና ያንጥፉ። እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በበርጩማ፣ በወንበር ወይም በመደብ ጠርዝ ላይ እግራቸውን መሬት አስረግጠው ቢቀመጡ ልምምዱ በምንም አይቀንስም። የሚያስፈልገው ጀርባ ሳይገተር ቀጥ ማለቱ፣ አንገትም ሳይቀለበስ ከጀርባ ጋር መስተካከሉ ነው።

በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጉዳይ የሃይማኖት ነው። ፕራናያማ የበቀለው በህንድ መንፈሳዊ ትውፊት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት ግን የሳንባና የድያፍራም እንቅስቃሴዎች ብቻ ናቸው፤ የሚደገም ቃልም ሆነ የሚቀርብ አምልኮ የለባቸውም። ልቡ ያልተረጋጋ ሰው ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖቱን መምህር ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ኅሊና እየተጨነቀ የሚደረግ የአተነፋፈስ ልምምድ ዕረፍት አይሰጥም።

ልምምዱ

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይለውጡ ትንፋሽን መመልከት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሰዓት አስቀምጠው የራስዎን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ አይጣጣሩ፤ በአንደኛው አፍንጫ ይበልጥ እንደሚገባ፣ ደረት ወይስ ሆድ እንደሚንቀሳቀስ፣ በመግባትና በመውጣት መካከል ዕረፍት እንዳለ ብቻ ያስተውሉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘልሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ለዚህ ቢውል አልበዛም እላለሁ፤ ምክንያቱም የተለመደውን ትንፋሹን የማያውቅ ሰው ከልክ ሲያልፍ ሊያውቅ አይችልም።

ቀጥሎ የሆድ አተነፋፈስ ይመጣል። መጀመሪያ አልጋ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ፣ ሌላውን እምብርትዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫዎ ሲስቡ የታችኛው እጅ ከፍ ይበል፣ የላይኛው ብዙም አይንቀሳቀስ፤ ሲያስወጡ ሆድዎ ራሱ እንዲመለስ ይተዉት። ሆዱን በጡንቻ ገፍቶ ማስወጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ድያፍራም ሲወርድ ሆድ ተከትሎ ይነሣል እንጂ ሆድ ስለተገፋ አየር አይገባም። ተኝተው ሲቀልልዎት ተቀምጠው ይሞክሩት።

ቀስ ብሎ መተንፈስ ለምን እንደሚጠቅም በስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ተራ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆነው በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ ተመልሶ ስለሚወጣ ለደም አይደርስም። በደቂቃ 12 ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚስብ ሰው 6 ሊትር ስቦ 4.2 ሊትሩን ብቻ ይጠቀምበታል፤ በደቂቃ 6 ጊዜ አንዳንድ ሊትር የሚስብ ሰው ያንኑ 6 ሊትር ስቦ 5.1 ሊትሩን ይጠቀምበታል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ማስወጣትን ማስረዘም ነው። በልብዎ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስወጡ። ለአንድ ሳምንት ያለ ምንም ጭንቀት ከቆዩበት አራት ስበው አምስት ያስወጡ፣ በኋላም አራት ስበው ስድስት ያስወጡ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ያህል ከሆነ ይህ የመጨረሻው መጠን በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ለማስረዘም የሚያስገድድ ነገር የለም። ልብ አየር ሲገባ በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል፤ ማስወጣቱ ሲረዝም ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ሥርዓት ይበረታል። ከሥራ ደክሞ ለሚመጣ ወይም እንቅልፍ እንቢ ለሚለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ልምምድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህንን ብቻ የያዘ ሰው ብዙ አልቀረበትም።

ናዲ ሾዳና የሚባለው በሁለቱ አፍንጫ ቀዳዳዎች እያፈራረቁ መተንፈስ ነው። የቀኝ እጅዎን አውራ ጣት በቀኝ አፍንጫዎ፣ የቀለበት ጣትዎን በግራ አፍንጫዎ በኩል ያቅርቡ። ቀኙን በለሆሳስ ዘግተው በግራ ይሳቡ፤ ግራውን ዘግተው በቀኝ ያስወጡ፤ በቀኝ ይሳቡ፤ ቀኙን ዘግተው በግራ ያስወጡ፤ ይህ አንድ ዙር ነው። አምስት ዙር ለመጀመሪያ ይበቃል። በቪዲዮዎች ላይ በመካከል ትንፋሽ መያዝ ይታያል፤ እርስዎ ይተዉት። አንዱ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ቢያገኙት አይጨነቁ፤ የሁለቱ አፍንጫዎች ክፍትነት በየጥቂት ሰዓቱ መለዋወጡ ተፈጥሯዊ ነው። ጨርሶ ከተዘጋ ግን ልምምዱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት እንጂ በኃይል አይሳቡ።

ብራማሪ የንብ ድምፅን የመሰለ ልምምድ ነው። በአፍንጫ ስበው ከንፈርዎን ገጥመው፣ ጥርስዎን ሳያነክሱ፣ «እም» የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰሙ ቀስ ብለው ያስወጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዲህ እያንጎራጎሩ በአፍንጫ ማስወጣት ከጸጥተኛው ማስወጣት ጋር ሲነጻጸር ከአፍንጫ የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ 15 እጥፍ እንደሚያሳድገው አሳይቷል፤ ይህ የሚሆነው ድምፁ ሳይነስ በሚባሉት በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ ክፍተቶች ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያንቀሳቅስ ነው። ጆሮን በጣት መድፈን አስፈላጊ አይደለም፤ ጆሮውን የሚያመው ሰው ከነጭራሹ አይድፈን። ልጆችም ይህን ልምምድ በቀላሉ ይይዙታል።

ብቻዎን የማይሞክሯቸው

ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉት ፈጣንና ኃይለኛ ልምምዶች በቪዲዮ ላይ ዓይን ይስባሉ፤ ጀማሪ ግን ሊርቃቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ የሕክምና መጽሔት ላይ አንዲት ወጣት ሴት ካፓላባቲ ስትሠራ አየር ከሳንባዋ ወጥቶ በደረቷ ውስጥ እንደታቆረና ሳንባዋ እንደተኮማተረ ተዘግቧል። እንዲህ ያለው ነገር ዘወትር የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ትንፋሽ በኃይል ሲገፋ ጤነኛ ሳንባም ሊጎዳ እንደሚችል ያስረዳል። ኩምባካ ማለትም ትንፋሽን መያዝ በሠለጠነ መምህር ፊት የሚሠራ ነው፤ በወንዝ ወይም በዋና ገንዳ ውስጥ በፍጥነት ከተነፈሱ በኋላ ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ራስን አስቶ ሊያሰጥም ስለሚችል ማንም ሰው ማድረግ የለበትም። መኪና እየነዱ ምንም ዓይነት የአተነፋፈስ ልምምድ አይሞክሩ፤ ይልቁንም በጣርማ በር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ።

በተጠቀለለ ምላስ አየር የሚሳብበት ሺታሊ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ የታሰበ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ በሙቀት ሰዓት አቧራ በሌለበት ጥላ ሥር ቢሞክሩት አይከፋም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ግን ቀዝቃዛውን አየር ሳይሞቅ ወደ ጉሮሮ ማስገባት ስለሆነ ሳል ያመጣል።

ልምምዱን የሚያስቆሙ ምልክቶች

የጣት ጫፍና የከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ የራስ መቅለልና ማዞር ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከሚያስፈልገው በላይ በመተንፈስ ነው። ሰውነት ከሚያመነጨው የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ነርቮችም በቀላሉ ይነዝራሉ። አንዳንድ አስተማሪዎች ይህን የልዩ ኃይል መግቢያ አድርገው ያቀርቡታል፤ የሚሰማው ነገር ምክንያቱ የታወቀ የሰውነት ለውጥ ስለሆነ ሊፈለግ አይገባም። ሲያጋጥምዎት ቁጥሩን ትተው በተለመደው አተነፋፈስ ይቀመጡ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቅቃል። በከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን ዘዴ አይጠቀሙ፤ ችግሩ የልብ ወይም የሳንባ ሆኖ ከተገኘ ኦክስጅኑን ይበልጥ ያሳጣል።

የደረት ሕመም፣ ቢያርፉም የማይተው የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን መሳት ከታየ ግን ነገሩ ከልምምድ ጉዳይ አልፏልና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

መጠኑና አካሄዱ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ ወደ አሥር፣ ሲመችም ወደ 15 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ዕለት ዕለት በአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ መለማመድ ይሻላል። ሲጨርሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ቁጥር ይቆዩ፣ ቀስ ብለው ይነሡ፣ ሰውነትዎ ሞቆ ሳለ ሳይለብሱ ወደ ነፋስ አይውጡ። የቁጥሩን መጠንና የተሰማዎትን በአጭሩ በደብተር ላይ ቢያሰፍሩ፣ ከወር በኋላ የሠለጠነ መምህር ወይም ሐኪም ቢያገኙ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። በሕመም፣ በሐዘን ወይም በጉዞ ምክንያት ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ካቋረጡ፣ ሲመለሱ ካቆሙበት ቁጥር ሳይሆን ሦስት ስቦ አራት ከማስወጣት ይጀምሩ፤ ከሳንባ ምች ወይም ከሌላ ከባድ የመተንፈሻ አካላት ሕመም የተነሡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙ ይፍቀድልዎት፣ ከዚያም በጀርባ ተኝቶ ከሚደረገው የሆድ አተነፋፈስ ይነሡ።